ማን ገባ?

በምዕራብ ፍላንደርስ፣ ከቦዩ ማዶ ዳር
አባቴ ኦዲሎን፣ ከርግቦቹ ጋር
አርባ ዓመት ሲኖር፣ ከናስ ሰዓት በቀር
አለቃ አያውቅም ነበር።
ወፍ ከሩቅ ስትገባ ጎማውን ከእግሯ አውልቆ
በሰዓቱ አፍ ይጥላል፣ ቁልፉን ጠምዝዞ አጥብቆ።
ዘንድሮ ግን ጣቱ አልታዘዝም አለ፤
ርግቧ ደርሳ ሳለች ደቂቃው ኮበለለ።

«መላ ፈልጊ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር አመጣሁ፣
ቺፕ የሚያነብ ሰሌዳ ከጎኗ አስቀመጥሁ።
ሰባት ቀጭን ሽቦ፤ ቀዩን ከሦስት ቮልቱ፣
አምስት ከቀመሰ አለቀ ሕይወቱ፤
ጥቁሩን ከመሬት፣ ሌላውን በተራ፤
ጣቴን ለብልቦኝ ነው ብየዳው የሠራ።
ሁለት ሌሊት ሙሉ ዝም። ለካ መስመሩ
ከፋብሪካ ሲወጣ ዝግ ነው በሩ።
ከፈትሁት። አሁንም ዝም።
ተናጋሪው ሽቦ ከተናጋሪ ጋር፣
ሰሚውም ከሰሚ ተጋጥሞ ኖሯል፤
እኔና አባቴ እራት ላይ እንደዚያ ነን።
ቦታ አለዋወጥኋቸው።

ለሙከራ ብዬ መሳቢያ ስጎረጉር
ከአሮጌ ባትሪና ከተተበተበ ክር
ሥር አንድ ቀለበት፤ ሰማያዊ፣ ጭረት የበዛበት።
አስጠጋሁት።
ጢጥ።

የጓሮው በር ተበረገደ።
ደረጃ የሚፈራው ሰው ሦስቱን ባንዴ ዘሎ፣
ከጨበጠው እጁ እየፈሰሰ በቆሎ፣
«ማን ገባ?»

ስክሪኑን አየ። የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች
በከንፈሩ ቆጠረ፦ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።
«ክላርቼ» አለ።
ካቻምና ጭልፊት የወሰዳት፤ ከድንች ማሳ
ቀለበቷን ብቻ አግኝቶ ያነሣ።
አልተቆጣኝም። «ይሠራል ማለት ነው» አለና
ጎንበስ ብሎ በቆሎውን ለቀመ፣ ፍሬ በፍሬ።

ቅዳሜ ወፎቹ ገቡ። ጢጥ ከማለቱ በፊት
በክንፋቸው ድምፅ ለይቶ ስም ይጠራል፤
የእኔ መሣሪያ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው።

እሑድ መዝገቡን ስፈትሽ፣ ከቀለበቶቹ መሐል
ቁጥሩ የረዘመ እንግዳ ተመዝግቧል፦
ማታ አራት ሰዓት ከሩብ። ዓርብም። ሐሙስም።
በጃኬቱ ኪስ ካለው የአውቶቡስ ካርድ ጋር አመሳከርሁት።
አልጠየቅሁትም።
ካልታወቁት ተራ አወጣሁት፤
ከክላርቼ መስመር በታች
ስሙን ጻፍሁ፦ ኦዲሎን።
ገባ።