ደረሰኙስ?

በዓመቱ መዝጊያ ምሽት «የምስጋና ቃል ተናገር» አሉኝ፣
ከማይኩ ፊት ገትረው ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ።
እኔ የመድረክ መብራት ሠራተኛ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም፣
ከጨለማ ሆኜ ሰው ላይ ማብራት እንጂ በብርሃን መቆም አልለመድሁም።
ዝም ብዬ ወረድሁ።
ያልተናገርሁትን ይኸው ጻፍሁት።

ከጣና ዳር፣ ከዋርካው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ለበስ አዳራሽ አለን፣
በክረምት ዝናቡ ከተዋናይ በላይ ይጮኻል፣ ዝም በል ብንለው አይሰማን።
መቶ አርባ ወንበር፣ ስምንቱ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣
መጋረጃው ከአሮጌ ድንኳን የተሰፋ፣ ጠርዙ በሻማ የጠቆረ።

ከአንጓች በፊት እንዴት ነበርን? ልንገራችሁ፣ አልሸፋፍንም፤
ጥበብ ነበረን፣ ቁልፍ ግን አልነበረንም።
የቲኬቱ ገንዘብ በሊቀመንበሩ ኮት ኪስ፣
ኮቱ ደግሞ ከግሮሰሪ ግሮሰሪ ይዞራል፣ ኪሱ እስኪራቆት ድረስ።
ሙሉአዳም ከበሮውን አስይዞ በባጃጅ ይገባ ነበር ቤቱ፣
ንግሥት ሆና የተወነችው እናኑ ዘውዷን ሳታወልቅ
ስትለምን ሰምቻለሁ፣ «የኪራይ ደረሰ ወቅቱ»።

አንጓች ቢያድግልኝ የመጣችው ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው፣ ከሚዛን ቤት፣
አሥራ አንድ ዓመት ቆሮሶና አምባዛ ስትመዝን የኖረች ሴት።
ቴአትር አይታ አታውቅም፤ ይህን ራሷ ነግራናለች፤
በመጀመሪያው ቀን፣ ካባ ለብሶ የሚያለቅሰውን ንጉሥ ትክ ብላ አይታ
«ይህ ሰውዬ ደሞዙን ወስዷል?» አለች።

ሳቅን።
እሷ አልሳቀችም።
«ደሞዝ እንደ ዓሣ ነው፣ ካደረ ይሸታል፤
ለልጅ የታሰበው ለድመት ይቀራል።»

ሰማያዊ መዝገብ ገዛች፣ ገጹን አንድ በአንድ ቆጠረች፣
ባለሁለት ቁልፍ ሣጥን አሠርታ አንዱን ለሙሉአዳም ሰጠች።
«ለከበሮ መቺ?» ብንላት፣ ቀና ሳትል መለሰችልን፤
«ምት የማይስት እጅ ሣንቲም አይስትም» አለችን።

ብዙ ተጣላን፣ አልዋሽም።
እኔ ራሴ ሁለት አምፖል ያለ ፊርማ ወስጄ፣
ሦስት ቀን አኮረፍኋት፣ «ጥበብና ቅጽ አይዋደዱም» ብዬ በየካፌው ፈርጄ።
አምፖሉን ከደሞዜ ቆረጠች። በአራተኛው ቀን
ጓንት ገዝታ ሰጠችኝ፤ አይታ ኖሯል፣ የጋለ መብራት ስነካ ጣቴ መላጡን፣
ሃያ ዓመት ያበራሁላቸው ሁሉ ያላዩትን።

አንድ ማታ ከተማው ጨለመ፣ ከዓባይ ድልድይ ወዲህም ማዶ፤
የኛ መድረክ ቀጠለ፣ አንድ ሰው አልወጣም ተናዶ።
ናፍጣው ለሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ቴአትሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፤
ቀድማ ለክታዋለች፤ እኛ ተአምር ያልነው ስሌት ነው።
ሕዝቡ ለእናኑ ቆሞ አጨበጨበ። ይገባታል።
አንጓች ከበሩ ኋላ የቲኬት ጉማጅ ትቆጥራለች፣
ከመቶ ሠላሳ ሁለት አንድ ጎድሎባት
በባትሪ፣ ተጎንብሳ፣ ወንበር ለወንበር ትፈልጋለች።

እንዲህ ያለ ሥራ በምን ይመሰገናል?
ከሐይቁ አፍ ታንኳ የሚሠሩ አሉ፣ አባ ስመኘው፤
እንግዳ ሁሉ ደንገሉን ሲያደንቅ፣ የእሳቸው ዓይን ከቋጠሮው ነው።
ይህን ለአንጓች ብነግራት
«ገመዱ በሜትር ስንት ነው?» ትለኛለች፤ ስለዚህ ተውሁት።

ዘንድሮ አዋጣን፣ እሷ ሳትሰማ፣ በምስጢር፣
የግድግዳ ሰዓት ገዝተን ስሟን አስጻፍን ከስድስት ቁጥር ሥር።
ጠራናት። እምቢ አለች። ከዚያ መጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፤
መብራቴን ሁሉ ለቀቅሁባት፤ ያ የሚዛን ቤት ፊት ወዛ።
ሰዓቱን አገላበጠች፣ ጀርባውን አየች፤
ምስጋና ስንጠብቅ
«ደረሰኙስ?» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ሲል
ሙሉአዳም ከደረት ኪሱ አወጣ፤
ቀኑ የተሞላ፣ ማኅተሙ ያልደበዘዘ፣ በሁለት ሰው የተፈረመ።
ሁለቴ አነበበችው፤ በጥንቃቄ አጠፈችው፤
ሰዓቱን ያኔ ተቀበለችው።