ኮፈኖው ሞቆ ጠበቀኝ

ከኦውሉ ወጣ ብሎ፣ በረዶ ጉልበት ሲደርስ፣
ኦስሞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቮልቮውን ሲያወድስ፦
“ኮምፒውተሩ ታርሞ፣ ቱርቦው ተቀይሯል፤
ፋብሪካ የነፈገው፣ ጉልበት ተጨምሯል።”
“ማነው የገጠመው?” ብዬ ጠየቅሁት፤
“የአክስቴ ልጅ” አለ። “ደረሰኝስ?” አልኩት።
ሳቀ።

እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ሌሊት የሚጠሩኝ፣
ስልሳ ኪሎ ሜትር ጫካ የሚያሻግሩኝ።
ከመኪና የምሻው፣ በዚያ ብርድ ሌሊት፣
ቁልፍ ሲዞር መነሳት፣ ያለ አንዳች ትምክህት።

ግን፣ አልዋሽም፣
ማርሚታው ሲያጓራ፣ ደረቴ ውስጥ አንዲት
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብድግ አለች።
“ግዢው!” አለች። “ለማን ልትቆጥቢ?”

ጓንቴን አወለቅሁ፤ መዳፌን ኮፈኖው ላይ አሳረፍኩ።
ሞቋል።
“ሳታስነሳው ጠብቀኝ” ብዬ ትናንት ለምኜው ነበር።
የእርጉዝ ሆድ ዳብሼ የምኖር ሴት ነኝ፤
እጄ የነገረኝን ጆሮዬ አይሽርብኝ።

“ጠዋት... ትንሽ ዞር ዞር ብዬበት ነው” አለ፣
ዓይኑን በረዶው ላይ ጥሎ።
“ነገ እመለሳለሁ” አልኩት፤ “ሰዓቱን አልነግርህም።”
አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ
መዳፌ ሙቀቱን አልለቀቀም።