ባልዲ ያዧ

ስለ ላሚሌይ ነው የመጣኸው? ተቀመጥ፤
መረቡን ገፋ አርገው፣ ዓሣው እንዳይረገጥ።
እኔ ባልዲ ያዧ ነኝ፤ ከገመዱ ግርጌ
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ፎጣ ባንገት አድርጌ፣
ያየሁትን ልንገርህ።
ያላየሁትንማ ሰው ጨማምሮበታል፤
ቡኮም እንዲህ ናት፣ የአክራ ባሕር ዳር፤ ወሬውም እንደ ዓሣው ጨው ይነሰነስበታል።

እናታችን ዓሣ ታደርቅ ነበር በጭስ፤
ላሚሌይ ከሥሩ እንጨት ስትከሰክስ
ዓይኗ እዚያ ነው የለመደው፣ ከጭሱ መሐል፤
ሌላው ሰው ሲጨፍን የሷ ይገለጣል።
ቡጢ ሲወረወር ሽፋሽፍቷ አይርገበገብ፤
ከትከሻህ ላይ ነው ሐሳብህን የምታነብ።

የአታ አፎቴ ጂም ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው፤
የጎማ ክምርና አንድ የአሸዋ ጆንያ ነው።
በመጥረጊያ ገባች፣ ወለሉን ልትጠርግ፤
ሲመሽ ጆንያውን ትደልቃለች፣ ጓንት ሳታደርግ።
አፎቴ አንድ ምሽት ፋኖስ ይዞ ቆመ፤
ብዙ ዝም አለና፣ «ግራሽ ነው የታመመ፤
ክርንሽን ዝቅ አርጊ» ብሎ ብቻ ሄደ።
ነገሩ ሁሉ እንግዲህ ባንድ ክርን ተወለደ።

የቦክስ ማኅበሩ ጸሐፊ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ፣
«ቦክሰኛ ማለት በደንቡ ወንድ ማለት ነው» አለ።
«የት ተጽፏል?» አለችው። መዝገቡን ገለበጠ።
የለም። ቢሆንም መሳቢያውን ቆልፎ ተቀመጠ።

ስለዚህ ያለ ማኅተም፤ ሎሜ፣ በሲኒማ ግቢ፣
ኮቶኑ፣ ከመጋዘን ኋላ፤ ለአዘጋጁ ነው ገቢ፤
ለኛ አንድ ፍየል፣ አንዴ ግማሽ ጆንያ ሩዝ፣ አንዴ ማቀዝቀዣ፤
ያው፣ ያ ጥጉ ላይ ያለው፤ ሞተሩ ሞቶ የመረብ መያዣ።

ሴናሚ የምትባል ዶሮ ነጋዴ ነበረች፤
ስምንት ዙር ሙሉ አንድ እርምጃ አልሸሸች።
ዳኛው እኩል ሲል ሕዝቡ ወንበር ወረወረ፤
የነሱ ሳቅ ግን ከገመድ ገመድ ተሻገረ።
ሌሊቱን ባንድ ባልዲ በረዶ ፊታቸውን ነከሩ፤
ባልዲዋ የኔ ናት።
ስለ ዶሮና ስለ ዓሣ ዋጋ ሲከራከሩ አደሩ።

አሁን ማንም ያልነገረህን። አቢጃን ላይ፣
በሰባተኛው ዙር፣ ቅንድቧ ተከፍቶ አጥንቷን ሳይ፣
ፎጣ ወረወርኩ።
እየመራች ነበር፣ በነጥብ። ያንን አላወቅኩ።
ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ከዚያ አጥባ፣ ተኩሳ፣
ያንኑ ፎጣ ሰጠችኝ፦
«ያንተ ፍርሃት ነው፤ የኔ አይደለም። ያዝ፣ አትርሳ።»

ፈቃዱ በመጨረሻ መጣ፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፤
አዲስ ጸሐፊ፣ አዲስ ማኅተም፣ ያው አሮጌ ወንበር።
ቅጹ የታተመው ለወንድ ነው፤ «አቶ» ይላል፤
ጸሐፊው በእስክሪብቶ «አቶ»ን ሰርዞታል።
በምትኩ ምንም አልጻፈም።
ተራ ቁጥር፦ አንድ።

በዚያ ወረቀት አንዴ ብቻ ተጋጠመች፤
በሃያ ሦስት ዓመት ታናሿ በነጥብ ተሸነፈች።
አሸናፊዋ ልጅ ስታለቅስ፣ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች፤
«ክርንሽን ዝቅ አርጊ» አለች።
እኔም ባልዲውን ደፋሁ። ውሃው ንጹሕ ነበረ፤
ያን ቀን አልደማችም፤ እኔን ነው የቸገረ።

ወረቀቷ? ጭስ ቤቱ ውስጥ፣ በሚስማር ተሰቅላ
እንደ ሰርዲን ጠቁራለች፤
ስሟም ማኅተሙም ጠፍቶ፣ ያ ሰረዝ ቀርቷል ከሁሉ ኋላ።
ራሷን ጠይቃት ከፈለግህ፤ ያቻት፣ ከጭሱ ጀርባ፤
ዓይኗ ደክሟል፤ ቢሆንም፣
ትከሻህን ጠብቀህ ግባ።