የተሳሳተ ቁጥር

ድሩሲላ ፔኒ ነኝ፣ ከኒውፋውንድላንድ ጠረፍ፣
ቤቴ ከአለት ጫፍ ነው፣ ከባሕሩ አፋፍ።
በመጋቢት ወር ላይ ደብዳቤ መጣልኝ፣
«የመዳቡ ሽቦ ያበቃል» የሚለኝ፤
«ከእንግዲህ ስልክዎ በኢንተርኔት ይሁን፣
ሦስት ወር ሰጥተናል፣ ይምረጡ ድርጅቱን።»

ዓሣ የሚገዛ ሰው ስንጥቡን ይገልጣል፣
ቀይ ከሆነ ይይዛል፣ ከጠቆረ ይተዋል።
ስልክ የሚሸጥ ሰውስ በምኑ ይታያል?

የመጀመሪያው መጣ፣ ጫማው ሲያብለጨልጭ፣
ባለቀለም ወረቀት ከደጄ ላይ ሲረጭ።
«ስድስት ወር» አለኝ «በነፃ ነው ማለት!»
«ሰባተኛውሳ?» ብል፣ ረፈደበት ሰዓት።

ሁለተኛውንማ ደወልኩ በራሴ፣
ሙዚቃ አሰማኝ እስኪያልቅ እስትንፋሴ፤
«አንድን ይጫኑ» አለኝ፣ ተጫንኩኝ፤ «ሁለትን»፤
ድንቼ አረረ እንጂ አላገኘሁም ሰውን።

የእኛ ነፋስ ደግሞ አመሉ ክፉ ነው፣
የመብራት ምሰሶ እንደ ክብሪት ሰብሮ የሚጥለው።
ጥቁሩ ስልኬ ግን፣ ግድግዳ ላይ ያለው፣
መብራት ኖረ አልኖረ ከቶም አይገደው፤
ባሌን ልቡን ሲያመው፣ ድቅድቅ ባለ ሌሊት፣
ሐኪም የጠራልኝ እሱ ነው፣ ያ ብረት።

ሦስተኛውን ግና ደወልኩ በውድቅት፣
ሆን ብዬ፣ ማዕበል ጣራ ሲያንኳኳበት።
«ሼልቢ ነኝ» አለችኝ እያዛጋች ልጅት።
«መብራት ሲጠፋሳ?» አልኳት። ዝም አለች።
«ይሞታል፣ እትዬ» አለች፣ አልደበቀች።
«ባትሪ ከገዙለት ስምንት ሰዓት ይቆያል፣
ከስምንት በኋላ እሱም ይከተላል።»
«አምቡላንስ ብጠራስ ቤቴን ያውቀዋል?»
«አድራሻ ካልሞሉ ሌላ መንደር ይሄዳል።»

አሁን ዋናው መጣ።
የመድኃኒት ቤቱ ቁጥርና የኔ
በአንድ አኃዝ ይለያል፤ እሱ ስምንት፣ ዘጠኝ እኔ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በጠዋት፣
ኦባዳያ ብሬክ የሚባል አዛውንት
የደም ግፊት ክኒን ከእኔ ነው የሚያዘው፣
እኔም «ተሳስተዋል» ብዬ እመልሰው፤
ከዚያ ስለ በረዶ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣
ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስልኩ አይዘጋም።
ሳቁን አውቀዋለሁ፣ መልኩን ግን አላውቅም።

ሼልቢን ጠየቅኳት፦ «ቁጥሬን ሳዛውረው፣
የሚሳሳተውንስ አብሬ ላምጣው?»
ልጅቷ ሳቀችና ቀስ ብላ «እኔ እንጃ፣
ይህ ጥያቄ የለም በእኔ ማስረጃ።»

ከሁሉም ያመንኩት «ይሞታል» ያለችኝን፤
ፈረምኩ፣ ባትሪ ገዛሁ፣ ሞላሁ አድራሻዬን።
ሁለት ሳምንት ያህል ስልኩ ዝም አለብኝ፣
አረንጓዴ መብራት ከጥግ እየጠቀሰኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ላይ ጮኸ አዲሱ ሳጥን፤
በሽርጤ ጠርጌ ዱቄት የነካ እጄን
አነሣሁት።
«ሄሎ፣ መድኃኒት ቤት?» አለ እያጉረመረመ።
«አዎን» አልኩት ዛሬ። «የት ላይ ነው ያመመ?»