ያልነካ አይቆጠርም

ክላክስቪክ ላይ ዝናብ አይወርድም፤ በጎን ነው የሚመጣ፤
ራንቫ ገመድ መጋዘኑ ገባች፣ ውሃው ከጫማዋ ሳይወጣ።
ሽማግሌው ሃኑስ መረብ ይጠግናል፣ በርጩማ ላይ አጎንብሶ፤
ባለሞላ መጭመቂያ ወረወረላት፣ ኪሱን በርብሶ።
«ውድድሩ ሦስት ወር ቀረው። ክንድሽ ደህና ነው፣ ጀርባሽም፤
መዳፍሽ ግን ውሃ ነው፤ መቅዘፊያ እሱ ዘንድ አይከርምም።»

ጨመቀች፣ ጨመቀች፣ ደግማ ጨመቀች፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በጥድፊያ፤
ሞላው እንደ ጫጩት ሲንጫጫ፣ ቆጠራዋ ደረሰ ሃያ።
«ሃያ!» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ሽልማት የምትጠብቅ መስላ፤
«ዜሮ» አላት፣ ቀና ሳይል፣ መርፌዋ ካፉ ተንጠልጥላ።
«ብረት ብረትን ሲነካ ቀጭ ይላል፤ እንደ በር ነው፤
እኔ የሰማሁት ጫጫታ ነው። ያልነካውን ምን ብዬ ልቁጠረው?»

ተነሣ። ጠመኔ ፈርክሶ አሸላት፣ መዳፏ እስኪነጣ።
«አንዱን እጀታ ከአውራ ጣትሽ ሥር አስደግፊው፣ ከሥጋው እንዳይወጣ።
በሌላው እጅሽ እያጠበብሽ አስገቢው፣ ጣቶችሽ እስኪደርሱበት፤
ትንሿን ጣት አትናቂያት፤ ሌሎቹ ሲከዱ እሷ ናት የምትጸናበት።
አሁን ግራሽን አንሺ።
ብቻሽን ነሽ።
ዝጊ። እንደ ሌባ አትንጠቂው፤
ሲነካ አላለቀም፤ አንድ፣ ሁለት እስክል እነቂው።
ከዚያ መልሺው፤ ግን አትጣይው። መመለሱም መንገድ ነው፤
ሞላው በጉልበት ይውሰድብሽ እንጂ፣ አንቺ አትሸልሚው።
አምስት። ከአምስት በላይ ጉራ ነው። እረፊ፣ ሻይ ጠጪበት፤
ደግሞ ይህን ላስቲክ በጣቶችሽ ዙሪያ አግብተሽ ዘርጊበት፤
መጨበጥ ብቻ የለመደ እጅ ይታመማል። አጎቴ እንዲያ ነበረ፤
ሞቶም ጡጫው አልተፈታ፣ ከነሳንቲሙ ተቀበረ።»

ደብተር አወጣላት፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣ ከመዝገብ የተረፈ፤
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። አሥራ ሁለት ቀን በእጁ ተጻፈ።
በአሥራ ሦስተኛው ቀን
ቀጭ።
መርፌዋ ቆመች። «ድገሚው» አላት።
ደገመችው፤ እምቢ አለ። አንዲት «አንድ» ብቻ ጻፈላት።

በሐምሌ ቀዘፉ። ሦስተኛ ወጡ። መዳፏ አልከዳትም ነበር፤
ስለ ነፋሱ ግን ማውራት አትወድም፤ ይቅር ያ ነገር።

በኅዳር የሃኑስ ቀኝ ጎኑ ተኛ፤ ምላሱም አብሮ ከበደ፤
የሰጡትን የስፖንጅ ኳስ በግራው ከአልጋ ሥር ሰደደ።
ራንቫ ብረቱን አመጣች፤ የልጆችን፣ ከሁሉ የላላውን፤
እጁን ሰጣት፣ እጅ ሳይሰጥ። በጠመኔ አሸች መዳፉን።
እጀታውን ከአውራ ጣቱ ሥር አስደግፋ አጠበበችለት፤
ግራ እጇን አነሣች። ብቻውን ነው። ዝም አለችለት።
ትንሿ ጣት ተንቀጠቀጠች፤ ግንባሩ ላይ ሥሩ ቆመ፤
ክፍተቱ ጠበበ፣
ጠበበ፣
እዚያው ከረመ።

የቤተ መጻሕፍት ካርዷን አውጥታ በእጀታዎቹ መሐል ሰደደች፤
ካርዱ ምንም ሳይነካው አለፈ። ደብተሩን ገለጠች።
«አንድ» ብትጽፍ ማን ያያል? ነርሷ እንኳ ፊቷን አዙራለች፤
እስክሪብቶውን ነክሳ፣ በመስኮት የቆሙ ጀልባዎችን ቆጠረች፣
ከዚያ ዜሮ ጻፈች።

ግማሽ አፉ ሣቀ።
ማንም ሳያስታውሰው ብረቱን መልሶ ለቀቀ፤
በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀስ ብሎ፣ ሞላው በጉልበት ሲወስድበት፤
ነርሷ ስለ ነጣው ብርድ ልብስ ስትቆጣ፣ ገና ግማሽ መንገድ ቀርቶበት።