የደላላ ልደት

ጁፌር ነን፣ ማናማ፤ ከጃፓኖች ቤት፣
ጠረጴዛው መሐል ፍም ከሞላበት።
ሥጋው ጥሬ መጣ፣ የሳሳ እንደ ወረቀት፤
አስተናጋጁ መቆንጠጫ ሰጥቶን፣
"መልካም ልደት" ብሎን
ሄደ።

እልፌ ሳቀች፦ "ጉድ እኮ ነው!
ዘጠኝ ዓመት ለሰው ጠብሼ ጠብሼ፣
ዛሬ ከፍዬ ልጥበስ፣ ያውም ሐር ለብሼ?"

ልደቱም የእሷ አይደል። ደላላ ነው የወለዳት፣
ስምንት ዓመት መርቆ "ጃንዋሪ አንድ" ብሎ የጻፋት።
እናቷ የምታስታውሰው፣
ገብሱ እሸት እንደነበር ነው።

ሱራፌል ሻማ ይቆጥራል፦
"አርባ ሁለት ነሽ ወይስ ሠላሳ አራት?"
መልስ የለንም። ስቡ ተንጣጣ።
እኔ አንዷን በጥሬዋ ዋጥኋት፣
ከኪሴ ባወጣሁት ሚጥሚጣ፤
የኔፓሉ ልጅ "ኖ! ኖ!" እያለ ሮጦ መጣ።

በዚህ መሐል ልጁ መቆንጠጫውን ነጠቃት፦
"ቁጭ በይ፣ እማ።"
ምላሱን በከንፈሩ ነክሶ
ሲያገላብጥ፣ ሲያሳርር፣ ጣቱን ሲልስ ቆይቶ
አጎረሳት።

አንድ ጎኑ ከሰል፣ አንድ ጎኑ ደም።
ዓይኗን ጨፍና አላመጠች።
ያን ሁሉ ዓመት በየምሳው የሰማችውን፣
"ጨው አነሰው"ን፣
አላለችም።