የምላሱ ክብደት

ፒክአፗ ስትመጣ ወገቧ ጎብጦ ነበር፣
ከኋላ ዘቅዝቃ፣ ከፊት ተንጠልጥላ፣
በቀን የበራ መብራቷ ደመና እየፈለገ፤
ከኋላዋ ያቺ ትንሽ ቤት፣ በሁለት ጎማ የቆመች፣
እንደ እንቁላል ነጭ፣ ጥጓ በበረዶ ጠጠር የተሰረጎደች።

ኦረስት ወረደ። "ከሬጂና እስከ ስዊፍት ከረንት" አለ፣
"መሪው እጄ ላይ እንደ ወረቀት ሳህን ቀለለ።
ከባድ መኪና ባለፈን ቁጥር ነፋሱ ቤቲቱን ሲመታት
እሷ ጅራቷን፣ እኛ ልባችንን።
ዳርካ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም አለች።
ቨርና፣ ጠንካራውን ስጪኝ።"

ግድግዳዬ ላይ ብረቶቹ በየአቅማቸው ተሰቅለዋል፣
ባለ ስድስት መቶ ፓውንድ፣ ባለ ስምንት መቶ፣ ባለ ሺህ ሁለት መቶ፤
የገባ ወንድ ሁሉ ዓይኑ መጨረሻው ላይ ያርፋል።
"አልሸጥልህም" አልኩት።
ከልክ በላይ የጠነከረ አይተጣጠፍም፣ የማይተጣጠፍ አያግዝም፣
መንገድ የመታውን ሁሉ መልሶ ሻንሲው ላይ ያራግፋል፤
የሳሳው ደግሞ እሺ ባይ ነው፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣
ሸክሙን ግን እዚያው ይተዋል።
እንዲህ ያለ አማች አለኝ።

"አስቀድሞ ምላሱ ይመዘን።"
ምላስ የምንለው ከቤቲቱ ፊት ወጥቶ
ከመኪናው ኳስ ላይ የሚያርፈውን ብረት ነው፤
ምላስ አጥንት የለውም ያለ ሰው ይህንን አላየ፣
ሁለመናው አጥንት ነው።
ሲቀል ቤት ያወላግዳል፣ ሲከብድ ወገብ ይሰብራል፤
ከቤቱ ክብደት ካስር እጅ አንድ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን ነፋስ ነው የሚያስተምርህ።

ዳርካ የመታጠቢያ ቤት ሚዛኗን ይዛ መጣች፤
ሐኪም ያዘዘላትን፣ ጠዋት ጠዋት የምትቆምበትን፣
ቁጥሩን ለማንም የማትናገረውን።
ጣውላ ዘረጋን፣ ባንድ ጫፉ ጡብ፣ ባንዱ ሚዛኑ፣
ምላሱን ወደ ጡቡ አስጠግተን አወረድን፤
እንዲህ ሲሆን ሚዛን የሚያየው ሲሶውን ነው፣
የቀረውን ማባዛት የሰው ፋንታ ነው።
"መቶ ዘጠና" አለች፤ "በሦስት፣ አምስት መቶ ሰባ።"
ለሦስት ሺህ አራት መቶ ፓውንድ ቤት!
"ኦረስት፣ ከፊት ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?"

ሳጥኑን እኔ ከፈትኩ፤ እሱ የፍሬቻውን አምፖል መጥረግ ጀመረ።
በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ሕፃን የሚመስል፣
መስፍ።
የወንድሙ የዘኖን፣ የፈረስ ጫማ ሲቀጠቅጥበት የኖረው፤
ዘኖን፣ በመጋቢት መሬቱ አልቆፈር ብሎ ቀብሩ የዘገየው፣
በየበጋው ከነሱ ጋር ሳይፕረስ ሂልስ ይሰፍር የነበረው።
"እሱ ይሄዳል" አለ ኦረስት።
"ይሂድ። ግን ምላስህ ላይ አይቀመጥ።"
ጎረቤቴ ጎማ ሻጩ ኮምፕረሰሩን አጠፋ፤
ሁላችንም የምናየው ነገር አጣን።

"ከአልጋው ስር ይሁን" አለች ዳርካ፣
"ከጎማዎቹ መሃል። በኔ በኩል።"

ለሦስት አዛወርነው፤ አውራ ጣቴን ጨፈለቀኝ፣ ተሳደብኩ፣
ሁለቱም ሳቁ።
ባለ ስድስት መቶውን አሰርኩ፣ ቡሎኑን አጠበቅሁ፣
የፊት ጎማውን ከፍታ በሜትር ለካሁ፣
ሰንሰለቱን ባንድ ቀለበት፣ በሁለት፤ በሦስተኛው
የፒክአፗ አፍንጫ ቀስ ብሎ ወረደ፣ መንገዱን አየ።
አንዲት ፓውንድ አልጎደለችም፤
ሎሚው ሃምሳ እንደሆነ ነው፣
ተሸካሚው ነው የበዛ።

ወደ ምዕራብ ሄዱ፣ ነፋሱን በግንባር፣
ቤቲቱም ጅራቷን ሰብስባ።
ዳርካ ሚዛኗን ረስታዋለች፤ ደውዬ ብነግራት
"ይቆይሽ" አለችኝ።
ማታ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁበት።
ቁጥሩን አልናገርም።